የቀልዴ ቀብርና የእመቤታችን ጥቁር ካባ

የዐመድ ረቡዕ፣ ማታ

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በከባድ ሐዘን እናስታውቃለን። የቫልሴራ ሀገረ ስብከት አዲሱ ጳጳስ ኤሊጂዮ ስካራሙዚኖ ዛሬ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ሕዝብ በተሰበሰበበት አንድ ቀልድ ቀልዶ ከሰላም ኑሮ በድንገት ተለይቷል። ቀብሩ በትንሣኤ እሑድ በአደባባዩ ይፈጸማል። አበባ ይዞ መምጣት አያስፈልግም። የበሰበሰ ቲማቲም ግን የሚከለክል የለም።

ሟቹ እኔ ነኝ። ግንባሬ ላይ ያለው የጾም መግቢያ ዐመድ ገና አልታጠበም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ከተማ ትንሣኤ ማለት ቅዳሴው አይደለም፤ ቅዳሴውን ለእኛ ለካህናቱ ትተውልናል። ለነሱ ትንሣኤ ማለት አደባባዩ ነው። ጥቁር ካባ የደረበችው የእመቤታችን ሐውልት በአንድ በኩል፣ ከሞት የተነሣው ልጇ በሌላ በኩል ይቆማሉ። የዮሐንስ ሐውልት በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በመሃላቸው ይመላለስና «ልጅሽ ተነሥቷል» ይላታል። አታምነውም። ይመለሳል፤ አሁንም አታምነውም። በሦስተኛው ስታምን ተሸካሚዎቿ ይሮጣሉ፣ ከኋላዋ ያለው ሰው ገመዱን ይስባል፣ ጥቁሩ ካባ ይወድቅና ሰማያዊ ቀሚሷ ይገለጣል። ካባው ሸርተት ብሎ ከወደቀ ዓመቱ ጥጋብ ነው። ተሰክቶ ከያዘ ግን… እዚህ ሰው ስለዚያ አያወራም፤ ክፉ እንዳይመጣበት ብረት ይነካል።

አምና ያዘ። ከእመቤታችን አክሊል ኮከቦች አንዷ ላይ ተሰካና ቀረ። በግንቦት በረዶ ወርዶ የከተማው እንጀራ የሆነውን የብርቱካን አበባ ጠራረገው።

ገመዱን የሳበው ጋሽ ሳቬሪዮ ነው። ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነው፤ አባቱም ከአባቱ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ካባው ከያዘበት ቀን ወዲህ ቡና ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ዛሬ ሐውልቶቹን የሚሸከመው ማኅበር «ዘንድሮ ማን ይሳብ» ብሎ ተሰበሰበ። የማኅበሩ አለቃ ኢኖቼንዞ፣ ሥጋ ሻጩ፣ «ልጄ ጎረምሳ ነው፣ ክንዱ ብረት ነው» አለ። ግማሹ «ሳቬሪዮ በሕይወት እያለ? ነውር ነው!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ደግሞ «ሳቬሪዮማ ዘንድሮ ቤታችንን ያፈርሰዋል» አለ። ወንበር ተነሣ። እኔም በቅን ልቤ፣ ይስቁና ይበርዳሉ ብዬ፣ እጄን አነሣሁና «እንግዲያው እኔ ራሴ እስበዋለሁ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም።

ከዚያ አጨበጨቡ። ኢኖቼንዞ ቀለበቴን ሳመ። አንዲት አሮጊት አለቀሰች። ጋሽ ሳቬሪዮ ብቻ አላጨበጨበም፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

እናቴ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ትል ነበር። ጳጳስ ከሆንኩ በኋላ ሁለተኛውን ትቻለሁ።

ሐሙስ

አባ ታንክሬዲ ሰምተዋል። ምክትሌ ናቸው፤ ሁለት ዶክትሬት አላቸው። እኔ ለትምህርት ሮም ተልኬ በዓመቴ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ተራራው ደብሬ የሸሸሁ ነኝ፤ ይህንን በትሕትና በየሳምንቱ ያስታውሱኛል።

«ብፁዕነትዎ፣ ቀልድ ነበር ብለው ይግለጹ።»

«አጨበጨቡ እኮ፣ አባ።»

«የቀድሞው አባታችን እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ አይገቡም ነበር።»

የቀድሞው አባታችን ምስል ቢሮዬ ውስጥ ተሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ ሆዱን እንደሚያመው ሰው ያየኛል። ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ዓርብ

ምስሉ ተመልሷል። አዞርኩት።

የመጀመሪያው የጾም እሑድ

የካቴድራሉ ጣሪያ ያፈሳል። ሁለት ቄሶች ተኳርፈዋል። የአንድ መንደር ሰዎች «ደወላችን ተሰነጠቀ፣ ይምጡና ይስሙት» አሉ። ሄድኩ፣ ሰማሁት፤ ተሰንጥቋል። «አዎ ተሰንጥቋል» አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። የጳጳስ ሥራ ይህ ከሆነ ለምን ዘይት ቀቡኝ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። እኔ ተሹሜ የምበላው የእማማ ኢማኮላታን የምስር ሾርባ ነው። ቤቱን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። «ጾም ነው» ይላሉ። ከጾሙ በፊትም ምስር ነበር።

ማክሰኞ

ምስሉ ተመልሷል። አዞርኩት።

ጋሽ ሳቬሪዮ ዛሬ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። አንድ ብርቱካን አወጣ። መላጥ ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ለአንድ ብርቱካን አንድ ጠዋት ሙሉ። በላ፣ ኮፍያውን ነካ፣ ሄደ። ምንም አላለኝም።

እኔም ምንም አላልኩትም። ሥራ ነበረብኝ።

ረቡዕ

እንደገና መጣ። ብርቱካን።

ሐሙስ

ብርቱካን። በጓሮ በር ወጣሁ። ደወሉን ለማየት ነው እንጂ እሱን ሽሽት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ማታ

ፀጉር ልስተካከል ተራ ልብስ ለብሼ ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ ትኩስ ፎጣ ፊቴ ላይ አደረገልኝና ሁለት ሰዎች ገቡ። ድምፃቸውን አላውቀውም፤ እነሱም ፎጣ ለባሹን አላወቁም።

«አዲሱ ጳጳስ ሊስብ ነው አሉ።»

«ቀልደኛው?»

«እሱ። ተራራ ላይ ከአሳማና ከለውዝ ዛፍ ጋር የኖረ።»

«ቀልድ በረዶ አይመልስም፣ ወንድሜ። ካባው ከያዘ በግንቦት እንገናኛለን።»

«የቀድሞው ይሻሉ ነበር። ቢያንስ አይታዩም።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳል በሳል ሆነ። አንደኛው «እኔ በበግ እወራረዳለሁ፤ ይይዛል» አለ። ሌላው ሳይመልስለት እኔ በፎጣው ውስጥ «እኔም ይይዛል በሚለው ገብቻለሁ፤ ስንት በግ ነው?» አልኩ።

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ፀጉር አስተካካዩ ዋጋ አልቀበልም ብሎ ማለ።

ሳቅኩ። እስከ ቤት ድረስ ሳቅኩ። ደረጃው ላይ ግን ሳቁ አለቀ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው አሁን የምጽፈው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

የሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ኢኖቼንዞ በር ላይ ያዘኝ። ከነሽርጡ። «ብፁዕ አባታችን፣ ይለማመዱ እንጂ! ተራራ ላይ አሳማ ሲጎትቱ ኖረዋል ሲሉ ሰማሁ፤ ጨርቅ አይከብድዎትም።» ከኋላው የቆመው ልጁ ክንዱን አሳየኝ። እውነትም ብረት ነው።

ወይ ጉድ። እውነትም መለማመድ አለብኝ።

ማክሰኞ

ብርቱካን። በጓሮ በር።

ሐሙስ

ተለማመድኩ። ይህን ገጽ ከሞትኩ በኋላ አቃጥሉልኝ።

በመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ እማማ ኢማኮላታን ወንበር ላይ አቆምኳቸው። «እመቤታችን ልሁን? እኔ?» አሉ። «ጉልበቴ እንኳን ወደ ሰማይ ወደ ወንበርም አይወጣም!» ወጡ ግን። የድሮ ጥቁር መጋረጃ ደረብኩላቸው፣ ገመድ አሰርኩ፣ ከጠረጴዛው ማዶ እየሮጥኩ መጥቼ ሳብኩ። መጋረጃው ፀጉራቸው ውስጥ ባለው ማበጠሪያ ላይ ተሰካ። ደግሜ ሳብኩ። «ልጄ፣ ፀጉሬ! ፀጉሬ ነው እሱ!»

በዚያች ደቂቃ አባ ታንክሬዲ በሩን ከፈቱ።

ከላይ እስከ ታች አዩን። «የቀድሞው አባታችን በዚህ ክፍል ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር» አሉ።

ከመጋረጃው ውስጥ እማማ ኢማኮላታ «እኔም እየደገምኩ ነው፣ አባ! እንዳልወድቅ!» ብለው ጮኹ።

አባ ታንክሬዲ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ኮሪደሩ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሳል ይመስለኛል። ሳቅ ሊሆን አይችልም።

የሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን

ጣሪያ። ቄሶቹ ታረቁ፣ በሌላ ነገር ተጣሉ። ምስሉ ተመልሷል፣ አዞርኩት። ብርቱካን። ተራራ ላይ የነበረው ደብሬ አዲስ ቄስ አገኘ፤ ደወሉልኝ፤ «ጥሩ ሰው ነው፣ አይቀልድም» አሉኝ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

የአራተኛው ሳምንት፣ ዓርብ

የአባ ታንክሬዲ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ እያወሩ ነው። ቆሜ አላዳመጥኩም፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

«አዎ… አዎ፣ አውቃለሁ። ማኅበሩ ሊጮህ ነው… በዓሉን ሰርዘው? እንዴት እሰርዘዋለሁ? ሕዝቡ ይበላናል… እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ልጅ ነው እኮ። ተዉት። ልጅ ነው።»

አርባ አራት ዓመቴ ነው!

ሁለቱንም ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኳቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን በደንብ አልሰማሁም፤ «አይቶ ይማራል» ያሉ ይመስለኛል። ምን አይቼ ነው የምማረው? በዚህ ቤት የማየው አንድ ሽማግሌና አንድ ብርቱካን ነው።

ለምንድነው ግን የሚመጣው? ቢቆጣ ይቆጣ። ቢሳደብ ይሳደብ። ተራራ ላይ ሰው ሲናደድ የቤቴን በር ይደበድብ ነበር፤ ወይን እንጠጣና ይበቃል። እዚህ ብርቱካን ይልጡብኛል!

ሆሳዕና

ዘንባባ፣ ዝናብ፣ ሕዝብ። ኢኖቼንዞ ዘንባባውን እንደ ሰይፍ ይዞ «አንድ ሳምንት ቀረዎት!» አለኝ። ዘንባባዬን ከፍ አድርጌ «ለአንተም!» አልኩት።

ሕልም አየሁ። ካባው አይወድቅም፤ ስስብ፣ ስስብ፣ ገመዱ አያልቅም። ጫፉን ያዝኩ ስል የእናቴ የጸሎት መቁጠሪያ ሆኖ አገኘሁት። እሷም «የማንን እቃ ነው የያዝከው?» አለችኝ። ምስር ስለበላሁ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ማታ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ።

እግር አጠብኩ። እግራቸው የሚታጠበውን ሰዎች የመረጡት አባ ታንክሬዲ ናቸው። ወንበሮቹን እየተከተልኩ፣ ፎጣ ወገቤ ላይ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያልኩ መጣሁ፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጋሽ ሳቬሪዮ ተቀምጧል። አባ ታንክሬዲን ቀና ብዬ አየኋቸው። ጣሪያውን እያዩ ነበር፤ የሚያፈስበትን በኩል።

እግሩን ያዝኩ። እግሩም ይንቀጠቀጣል። ውሃው ከሳህኑ ወጥቶ ልብሴ ላይ ተረጨ።

በሹክሹክታ «ይቅርታ፣ ብፁዕ አባታችን» አለ። «ጥሩ ጎኑ፣ እርስዎ ሳይደክሙ ውሃውን እኔ አማስልልዎታለሁ።»

ሳቄ መጣ። በጸሎተ ሐሙስ፣ በካቴድራሉ መሃል፣ ጳጳሱ ተንበርክኮ እየሳቀ ነው። ፎጣውን አፌ ላይ አደረግሁ። ሕዝቡ ያለቀስኩ መሰለው፤ አንዳንዱም አብሮኝ አለቀሰ።

እያደረቅሁት ሳለ ልተወው ያልቻልኩትን ጥያቄ ጠየቅሁት። «ጋሽ ሳቬሪዮ፣ በየጠዋቱ ለምን ይመጣሉ?»

«እየጠበቅሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ቀልዱን እስኪጨርሱ።»

አልገባኝም። ገባኝ። እግሩን ይዤ ቀረሁ።

«ቀልድ መጨረሻ አለው፣ አባታችን» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው። «እኔም በጎረምሳነቴ ቀልደኛ ነበርኩ። የርስዎ መሃል ላይ ቆሟል። ሰዉ እውነት ነው ብሎ ወሰደው፣ እርስዎም ወሰዱት። እኔ ብቻ ቀልድ መሆኑን አውቄ፣ መቼ ይጨርሱታል እያልኩ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ እግሩን ሳምኩ፤ ሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱ ባይሆንም እስመው ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚህ አልጽፍም።

አልጽፍም አልኩ እንጂ እንቅልፍም አልመጣ። በዚህ ጾም ሁሉን ነገር አፌዝበታለሁ፤ ምስሉን፣ ምስሩን፣ ኢኖቼንዞን። አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር ነበረው፤ ሰው ሁሉ ከእጁ ሊነጥቀው ሲከራከር እኔ በቀልድ ነጠቅሁት። አጨበጨቡልኝ። በጓሮ በር እወጣለሁ። ደወል ለማየት!

ስቅለት

ጸጥታ። እማማ ኢማኮላታ እንኳ አልተናገሩም። ምስር።

ቅዳሜ

ኢኖቼንዞ ገመዱን በትራስ ላይ አድርጎ እንደ ንዋየ ቅድሳት አመጣልኝ። «ልጄ ከኋላዎ ይቆማል። ምናልባት ቢያቅትዎት።» አመሰገንኩት። ምንም አልነገርኩትም። አፌን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋሁ፤ አባ ታንክሬዲ ታመሙ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ትንሣኤ፣ ማታ

እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ተላላፊ ነው መሰለኝ።

አደባባዩ ጢም ብሏል። በረንዳው፣ ጣሪያው፣ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ሰው ነው። እኔ ከነቆቤ ከነካባዬ ከእመቤታችን ኋላ ቆሜያለሁ፤ ገመዱ በእጄ። የኢኖቼንዞ ልጅ ከኋላዬ ይተነፍሳል። ዮሐንስ ሄደ፣ መጣ። አላመነችም። ሄደ፣ መጣ። አላመነችም።

ለሦስተኛው ከመነሣቱ በፊት ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። «ወገኖቼ!» አልኩ። «በዐመድ ረቡዕ ቀልጄ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጥፋቱ የቀልዱ ነው። አሁን ልጨርሰው። ጋሽ ሳቬሪዮ!»

እሱ ከአደባባዩ ፏፏቴ አጠገብ ነበር፣ እጁ ኪሱ ውስጥ። አልተንቀሳቀሰም። ኢኖቼንዞ ከተሸካሚዎቹ መሃል «አባታችን! ኧረ በእመቤታችን! በረዶ ሊያስወርዱብን ነው?» ብሎ ጮኸ። አንዱ «ሳቬሪዮ ይሳብ!» አለ። ሌላው «አይሆንም!» አለ። ያው አዳራሹ ነው፤ አሁን ግን ከተማው ሁሉ ነው።

ጋሽ ሳቬሪዮ ቀስ ብሎ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ብረት የነኩ አሉ፣ አየሁ። ገመዱን ሰጠሁት። ተቀበለ፣ አየው፣ ግማሹን መለሰልኝ።

«አብረን ነው» አለኝ። «ከያዘ ብቻዬን አልሰደብም።»

«ከያዘ አብረን ተራራ እንወጣለን። ለውዝ አለ።»

«ጥርስ የለኝም።»

ዮሐንስ ሮጠ! እመቤታችን ሮጠች! ሮጥን። ሳብን።

ያዘ።

እዚያችው ኮከብ ላይ። አደባባዩ በአንድ አፍ «ኡ!» አለ። ሕፃን አለቀሰ። ጥቁሩ ካባ ግማሽ ወርዶ ግማሽ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጋሽ ሳቬሪዮ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እጁ በእጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ፣ እንደ እብድ ሳብነው፤ ካባው ከኮከቡ ተላቀቀና ወደ ኋላ በረረ፤ ወደቀ።

እኔ ላይ።

ከነቆቤ፣ ከነበትሬ። ጨለማ ሆነ። የሻማና የአሮጌ ሳጥን ሽታ። ከዚያ ከላይ፣ ከአንዱ በረንዳ፣ የሴት ድምፅ መጣ። «እመቤታችን ተገለጠች! ጳጳሳችን ግን ጠፉ!»

ያን ሳቅ ሰምታችሁ አታውቁም። ከዐመድ ረቡዕ ጀምሮ የተጠራቀመ ሳቅ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ካባውን ማውለቅ ሲገባኝ ትንሽ ቆየሁ ከውስጥ። ፊቴን መጥረግ ነበረብኝ። ላብ ነው።

ሲገልጡኝ ጋሽ ሳቬሪዮ ሆዱን ይዞ ነበር። «አለቀ» አለኝ። «አሁን አለቀ።»

ማዕዶት፣ ሰኞ

ከተማው ባዶ ነው፤ ሁሉም ለሽርሽር ወጥቷል፣ በግ ይጠበሳል። ከሄዱበት ሁሉ የሚመጣው ወሬ አንድ ነው። ኢኖቼንዞ ራሱ ነው የሚያወራው፤ «ካባው ይዟል፤ እውነት ነው፣ አልክድም። መዓቱ ግን ጳጳሱ ላይ ወደቀ። ብርቱካኑ ተረፈ!»

ይህን ለአባ ታንክሬዲ ነገርኳቸው። በረዶውን ሁሉ እኔ ልሸከም ነው ወይ ብዬ ተናደድኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ለዚሁ አይደል የተሾሙት?» አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው አፋቸው አንድ በኩል ወደ ላይ ሄዶ ነበር። ወደ ቢሮዬ ስገባ የቀድሞው አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አገኘኋቸው። እኔ አልነካኋቸውም።

ጋሽ ሳቬሪዮ መጣ። ሽርሽር የለውም። ዛሬ ግን ቡና ቤት ደርሶ ነው የመጣው፤ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው አስለፈለፉት። ሁለት ብርቱካን ይዟል። በፊት ለፊት በር ወጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ሰጠኝ።

«እጄ ደክሟል» አለ። «ዛሬ እርስዎ ይላጡ።»

ላጥኩ። በጣም ክፉኛ ላጥኩ፤ ጭማቂው ክንዴ ድረስ ወረደ። «ሮም ይህን አላስተማሩዎትም?» አለኝ። ትምህርቱ እዚያ ሳይደርስ ሸሸሁ አልኩት።

እንግዲህ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ እናስታውቃለን፤ ቀደም ሲል የተነገረው የቀብር ሥነ ሥርዓት ተሰርዟል። ነገሩን ረጋ ብለን ስናየው አንድ ጨርቅ ነው ከአንድ ሐውልት ላይ የወደቀው፤ እሱም ትንሽ ዘግይቶ። ለዚህ ይህን ሁሉ ገጽ መፍጀት አያስፈልግም ነበር።